በእንጦጦ ግርጌ ያለች የእንጉዳይ ቤት

አንባቢ ሆይ፤ የእንጦጦ ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራልህ ስለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የቀድሞ ግቢ፣ ስለ ባሕር ዛፉ ደን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ስለ ተከፈተው ፓርክ ነው። እኔ ዛሬ ላስጎበኝህ ያሰብሁት ግን ከነዚህ አንዱንም አይደለም። ላሳይህ የፈለግሁት በተራራው ግርጌ ያለችውን አንዲት ጠባብ የጭቃ ቤት ነው። በዚህች ቤት ውስጥ ፀሐይ አይገባም፤ አፈር አይታረስም፤ በሬ አይጠመድም። ይሁን እንጂ መከር ይሰበሰብባታል።

መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ተነሥተህ ወደ ሰሜን ትወጣለህ። የአሜሪካን ኤምባሲ እንዳለፍህ ሽሮ ሜዳ ትደርሳለህ። በግራና በቀኝ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ጥበብ ቀሚሱ ተሰቅሎ ስታይ መንገዱ ራሱ ለበዓል የለበሰ ይመስልሃል። ይህ ሰፈር ከጋሞ ደጋ መጥተው የሠፈሩ ሸማኔዎች በእጃቸው ሥራ ያስጠሩት ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ይጠናል። ከላይ ከደኑ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙሃል። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይበልጣል። መንገድ ልቀቅላቸው፤ እንዲህ ያለውን ሸክም ይዞ ቁልቁለት መውረድ ዳገት ከመውጣት ይከፋልና።

ከዋናው መንገድ ታጥፈህ፣ በድንጋይ በተነጠፈ ጠባብ መንገድ ጥቂት ሄደህ፣ አንዲት ትንሽ ጅረት ስትሻገር በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ታገኛለህ። ያሰብንበት ቦታ ይኸው ነው። የማኅበሩን ስም እንዳልጽፍ ባለቤቶቹ ለምነውኛል። «ስማችን ከተጻፈ ሰው ሁሉ መጥቶ ዘር ስጡን ይለናል፤ እኛ ራሳችን ዘር ገዝተን የምንኖር ነን» አሉኝ። እኔም ቃላቸውን አክብሬአለሁ።

የአሥራ አንድ ሰዎች መሬት

መሬቱ በእርምጃ ሲለካ ወርዱ 15፣ ርዝመቱ 20 አይሞላም። የተሰጣቸው አትክልት እንዲያለሙበት ነው። ማኅበርተኞቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሰባቱ እናቶች፣ ሦስቱ ወጣቶች፣ አንዱ በጡረታ የተሰናበቱ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ። ከእናቶቹ ሁለቱ ቀድሞ ከተራራው ቅጠል ይሸከሙ የነበሩ ናቸው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ይተክላሉ። መሬቱ በደንብ ተይዟል፤ ውሃው በየመደቡ ይደርሳል፤ አረሙም ተነቅሏል። ይሁን እንጂ አንድ ማሳ ለአሥራ አንድ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ዘንቢል ጎመን የበለጠ አይሆንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እዚህ ግን ሰው በዝቶ ሎሚው አነሰ።

ከግቢው ጥግ፣ ከጎረቤት ግንብ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ የሚውልበት ቁራሽ መሬት ነበር። ቲማቲም ቢተከልበት ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ሰላጣ ቢተከልበት ቀጭጮ ቀረ። ከወጣቶቹ አንዷ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ አጭር የግብርና ሥልጠና የወሰደች ልጅ፣ አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ተነሥታ «ያ ጥግ ፀሐይ ካልወደደ፣ ፀሐይ የማይፈልግ ነገር እናብቅልበት» አለች። ምን እንደሆነ ሲጠይቋት «እንጉዳይ» ብላ መለሰች።

ሁሉም «እትዬ» እያሉ የሚጠሯቸው አንዲት አዛውንት እናት ወዲያው «የጅብ ጥላ ልታበይን ነው እንዴ፣ ልጄ?» አሏት፤ ስብሰባው በሣቅ ተበተነ።

የጅብ ጥላ

አንባቢ ሆይ፤ በእትዬ አትፍረድ። በአገራችን በብዙ ቦታ እንጉዳይ ከክረምት ዝናብ በኋላ በድንገት የሚበቅል፣ በማግስቱ የሚጠወልግ፣ ማን እንደዘራው የማይታወቅ ነገር ስለሆነ የጅብ ጥላ ተብሎ ቀርቷል። ይህ ግን የሁሉም ልማድ አይደለም። በደቡብ ምዕራቡ ደን የሚኖሩት የማጃንግ ሰዎች የዱር እንጉዳይን በየዓይነቱ ለይተው ያውቃሉ፤ ለቅመውም ይመገባሉ። ይህንን ዕውቀታቸውን አንዲት የጃፓን ተመራማሪ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 በሳይንስ መጽሔት ጽፋዋለች። እንግዲህ ለአንዱ አስፈሪ የሆነው ለሌላው እራት ነው።

የእትዬ ፍርሃት ግን ከንቱ አለመሆኑን አጥብቄ ልንገርህ። በዓለም ላይ ከሚገኙት የዱር እንጉዳዮች አንዳንዶቹ ይገድላሉ። አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለውን የበላ ሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፤ በዚህ ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱን እያጠፋው ነው። ይህን መርዝ መቀቀልም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም። «ከብር ማንኪያ ጋር ቢቀቀልና ማንኪያው ባይጠቁር ደኅና ነው»፣ «ትል የበላው ለሰውም አይከፋም» የሚባለው ሁሉ ሐሰት ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ሳያሳይህ ከሜዳ ለቅመህ አትብላ።

በቤት የሚበቅለው እንጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዘሩ ተለይቶ በላቦራቶሪ የተባዛ ስለሆነ ምን እንደዘራህ አስቀድመህ ታውቃለህ። የሽሮ ሜዳዎቹ የዘሩት ኦይስተር የሚባለውን ነው፤ ቅርጹ እንደ ጆሮ፣ መልኩ ነጣ ወይም ግራጫ ያለ፣ በክምር በክምር የሚወጣ። ከከረጢቱ ሌላ መልክ ያለው ነገር ቢወጣ ይጣላል እንጂ አይቀመስም።

ለመሆኑ እንጉዳይ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ተክል ይመስለናል፤ ነገር ግን አይደለም። ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፤ እንጉዳይ አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው ይህንን ማድረግ አይችልም። የሚኖረው ሌላው የተወውን በመብላት ነው፤ ይኸውም የደረቀ ግንድ፣ ገለባ፣ ጭድ፣ የወደቀ ቅጠል። እኛ ጥላ መስሎን የምናየው የፍሬው ክፍል ብቻ ነው። ዋናው አካሉ በውስጥ የተዘረጋ፣ እንደ ሸማኔ ድር የቀጠነ ነጭ ክር ነው። ይህ ክር ጠንካራውን ጭድ የሚያልሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፤ ከዚያ የላመውን ይመጣል። ጊዜው ሲደርስ ፍሬውን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ከፍሬውም ከዱቄት የረቀቀ ዘር ይበተናል።

የሰው ልጅ ይህንን ጠባይ ካወቀ ቆይቷል። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ከተማ ሥር ባሉት የድንጋይ ማውጫ ዋሻዎች ውስጥ ነጩን ክብ እንጉዳይ ያበቅሉ ነበር። ኦይስተር የሚባለው ደግሞ በጀርመን አገር በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ረኀብ ጊዜ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1917፣ በዛፍ ጉቶ ላይ መልማቱ ተመዝግቧል። በእኛም አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ዶክተር ዳዊት አባተ ይህንኑ እንጉዳይ በባህላዊ የሸክላ ዕቃ አብቅለው፣ ውጤቱን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 አሳትመዋል። የቡና ገለባ፣ የጥጥ ተረፈ ምርት፣ ሰጋቱራ፣ ሌላው ቀርቶ የጫት ገረባም ተሞክሯል። ወረቀትም ይበላል። አንተ በመሥሪያ ቤት የምትውል ወዳጄ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ለዘመናት የተኛው ፋይል አንድ ቀን ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል በዚህ ተጽናና።

ከበርሜሉ አጠገብ

አሁን ወደ ግቢው ግባና ሥራውን እይ። በመጀመሪያ ጭዱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ተደርጎ ይከተከታል። የስንዴም የጤፍም ጭድ ይሆናል፤ ነገር ግን ከብቱም ለመኖ፣ ግንበኛውም ለጭቃ ምርጊት ስለሚሻሙበት እንደምታስበው ርካሽ አይደለም። የተከተከተው ጭድ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ በበርሜል ተሞልቶ እሳት ይነድበታል።

ይህ እሳት የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ጭድ ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ የሻጋታ ዘሮች አሉ። የእንጉዳዩ ዘር ከነርሱ ጋር ከተዘራ ይቀድሙትና ምግቡን ይሻሙታል። ስለዚህ ጭዱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። በዚህ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል በሆነው ቦታ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለጭዱ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ዘሩን ራሱን ለማባዛት ግን አይበቃም። ዘር የሚባዛው በተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ ሲሆን፣ እህሉ በግፊት በሚሠራ ዕቃ እስከ 121 ዲግሪ ሞቆ ፈጽሞ መምከን ይኖርበታል። ጀማሪ ሁሉ ዘሩን ከላቦራቶሪ የሚገዛው ስለዚህ ነው።

ጭዱ ከበርሜል ወጥቶ በንጹሕ ወንፊት ላይ ይንጠፈጠፋል፤ ይበርዳል። እርጥበቱን የሚለኩት በእጃቸው ነው። ጭብጥ አድርገህ ስትጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፤ ምንም ካልወጣው ደርቋል። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት አንድ ረድፍ ጭድ፣ አንድ እፍኝ ዘር፣ እንደገና ጭድ፣ እንደገና ዘር እየተደረገ ይሞላል። በ100 ኪሎ እርጥብ ጭድ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዘር ይገባል። ይህን የሚሠሩት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በአልኮል ጠርገው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ በርና መስኮት ዘግተው ነው። በዚያች ሰዓት ብዙ ወሬ አይወራም፤ ትንፋሽም ዘር ይዞ ይመጣልና።

ከዚህ በኋላ ከረጢቶቹ በጨለማ ቤት በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ነጩ ክር ጭዱን ሁሉ ይለብሰዋል። የእንጦጦ ግርጌ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ እናቶቹ ከረጢቶቹን ማታ ማታ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይሸፍኗቸዋል። አንዷ «ልጆቼን እንዲህ አላባበልኋቸውም» ብላ አሥቃኛለች። ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ሲነጣ ግን ብርዱ ወዳጅ ይሆናል። ላስቲኩ ይቀደዳል፤ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ አየር ይገባል፤ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ይሰጣል፤ ግድግዳውና ወለሉ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ይርከፈከፋል። የጭቃው ግድግዳ እርጥበት ስለሚይዝ ከብሎኬት ቤት ይሻላል። ንጹሕ አየር ካነሰ እንጉዳዩ ይነግርሃል፤ ግንዱ ይረዝማል፤ ባርኔጣው ያንሳል። ጥቃቅን እንደ ዳጉሳ ያሉ ጉጦች ከታዩ በኋላ በ4 ወይም በ7 ቀን ውስጥ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ቅምሻ

ለሙከራ የተሞሉት አሥር ከረጢቶች ነበሩ። አሥሩም ነጡ፤ አሥሩም አፈሩ። ችግሩ የመጣው ከድስቱ አጠገብ ነው። እንጉዳዩ በእጅ ተቦጭቆ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል ተጠብሶ ሲቀርብ ሽታው ሰፈሩን አወደው፤ እጁን የሚዘረጋ ግን ጠፋ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር በጾም ማመካኘትም አልተቻለም፤ እንጉዳይ የጾም ምግብ ነውና።

በመጨረሻ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «እናንተ ልጆች አላችሁ። እኔ ዕድሜዬን ጠግቤአለሁ፤ እኔ ልቅደም» ብለው በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። ሁሉም ፊታቸውን ያይ ጀመር። እትዬ አኝከው ዋጡና «ጨው አንሶታል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ ስለ ጅብ ጥላ ያነሣ የለም።

ስለ ምግብነቱ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራል፤ አንተ ግን ልኩን እወቅ። ትኩስ እንጉዳይ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን 3 ግራም ያህል ነው። ሥጋን ይተካል የሚልህን አትመን። ይሁን እንጂ የቢ ቫይታሚኖች አሉት፤ ስቡ ጥቂት ነው። ከመበላቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ደግሞ ቫይታሚን ዲ በውስጡ ይዘጋጃል። በጾም ወራት ከሽሮና ከጎመን ጎን ሲቀርብ ማዕዱን ያሳምራል።

አረንጓዴው ሻጋታ

አሁን የምነግርህ ወደዚህ ቦታ ያመጣሁህ ዋና ምክንያት ነው።

አሥሩ ከረጢት ሲሳካ ማኅበርተኞቹ ልባቸው ሞላ። የዕቁባቸውን ገንዘብ አውጥተው፣ የጎደለውን በነፍስ ወከፍ አዋጥተው አርባ ከረጢት ሞሉ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከበሩ አጠገብ ባሉት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታየ። ትሪኮደርማ የሚባለው ሻጋታ ነው፤ የእንጉዳይ ጠላት። በሳምንቱ ከአርባው ከግማሽ የሚበልጠው አረንጓዴ ለበሰ። የዕቁቡ ገንዘብ በዓይናቸው ፊት ሻገተ ማለት ነው።

ስብሰባ ተጠራ። አንዷ ዘር ሻጩ አታሎናል አለች። ሌላው ዓይነ ጥላ ነው አለ። አንዳንዶቹም ሐሳቡን ወዳመጣችው ልጅ ዞሩ፤ «ጎመናችንን ይዘን በኖርን» አሏት። ልጅቷ አለቀሰች። ማኅበሩ ይፍረስ የሚል ቃልም ተነሣ።

በዚህ መካከል ጡረተኛው ዘበኛ እጃቸውን አወጡ። እኒህ ሰው ዘመናቸውን ሁሉ በር ላይ ቆመው ገቢና ወጪ ሲመዘግቡ የኖሩ ናቸው። «በማን እንደምንፈርድ ከመናገራችን በፊት የትኛው እንደተበላሸ እንይ» አሉ። ከረጢቶቹን አወጡና በተሞሉበት ተራ ደረደሯቸው። ጠዋት የተሞሉት ነጭ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ የተሞሉት አረንጓዴ ነበሩ። ዘሩ አንድ ነው፤ ቤቱ አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው። «እንግዲህ በምሳ ሰዓት ምን ተለወጠ?» ብለው ጠየቁ።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ በርሜሉ አጠገብ እሳት ስታነድ የዋለችው እናት፣ ቀድሞ ቅጠል ተሸካሚ ከነበሩት አንዷ፣ ተነሣች። «እንጨቱ በሁለተኛው በርሜል መካከል አለቀ» አለች። «ውሃው ሞቅ ብሎ ነበር እንጂ በደንብ አልጋለም። የእንጨቱን መዋጮ ድርሻዬን ስላልከፈልሁ፣ አምጡ ለማለት አፈርሁ። ይደርሳል ብዬ ዝም አልሁ።»

አንባቢ ሆይ፤ ሻጋታውን ያመጣው የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ ሴትዮዋ ስንት ዲግሪ እንደሚያስፈልግ ታውቅ ነበር። ስንፍናም አልነበረም፤ ከማለዳ ጀምሮ ጭስ ስትውጥ ውላለች። ያመጣው ኀፍረት ነው። በኪሷ ገንዘብ የሌላት ሰው በአፏም ቃል እንደሌላት ቆጥራ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት አሥር ሰዎችም ይህንን እንድትል የሚያስችላት ነገር አላዘጋጁም ነበር።

ያን ቀን እትዬ የተናገሩት አጭር ነው፤ «እኛ ጭዱን አጠብን፤ እጃችንን ታጠብን፤ አንቺን ግን እንጨት አለቀ ወይ ብለን አልጠየቅንሽም።» ማኅበሩ አልፈረሰም። ሦስት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፤ የእንጨትና የዘር ወጪ ከእያንዳንዱ ኪስ መሆኑ ቀርቶ ከሽያጩ አስቀድሞ ተቀንሶ በሣጥን ይቀመጣል። ሁለተኛ፤ ቴርሞሜትር ተገዝቶ በየበርሜሉ ሰዓቱና ሙቀቱ በደብተር ይጻፋል፤ ደብተሩን ጡረተኛው ይይዛሉ። ሦስተኛ፤ ማንኛውም ሰው «አልደረሰም» ካለ ሥራው ይቆማል፤ ለምን ተብሎም አይወቀስም።

የተበላሹትን ከረጢቶች ከግቢው ርቀው ቀበሩ፤ ቤቱን በኖራ ቀቡ። በቀጣዩ ዙር ሃያ ብቻ ሞሉ፤ አንዱ ብቻ ሻገተ። እኔ በጎበኘኋቸው ቀን ደብተሩ ከበርሜሉ አጠገብ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ በተንጋደደ ጽሕፈት «አልደረሰም፤ እንጨት ተጨመረ» የሚል አነበብሁ። የጻፈችው ያችው እናት ናት። ከማኅበሩ በፊት ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረቻት ያቺው ያለቀሰችው ልጅ ናት።

ለመጀመር ለሚያስብ

እነሆ፣ ከነርሱ የሰማሁትንና ባለሙያዎች የሚመክሩትን ባጭሩ ልንገርህ።

በትንሹ ጀምር። 10 ኪሎ ደረቅ ጭድ ውሃ ሲጠጣ 30 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ በሦስት ሦስት ኪሎ አሥር ከረጢት ይሞላል። ለዚህ ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ዘር ይበቃል። ሥራው ከሠመረ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ለቀማ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ይገኛል። ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥህን ሻጭ በጥንቃቄ አድምጠው።

ገዢህን ዘር ከመግዛትህ በፊት ፈልግ። እንጉዳይ እንደ ሽንኩርት ተከምሮ አይቆይም። ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይዘልቅም፤ በማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ካልተሸጠ ማድረቅ ይቻላል፤ ነገር ግን 10 ኪሎው ደርቆ ወደ 1 ኪሎ እንደሚወርድ አትርሳ። የሽሮ ሜዳዎቹ የሚሸጡት ለሰፈሩ ምግብ ቤቶችና በጾም ቀን ለጎረቤት ነው። ትልልቅ ሆቴሎች በየሳምንቱ ያልተቋረጠ አቅርቦት ስለሚፈልጉ እነርሱን ለኋላ ትተዋቸዋል።

ባርኔጣው ጠርዙ ወደ ላይ ሳይገለበጥ ልቀመው። ካለፈበት የሚበትነው ዱቄት ሳንባ ያውካል። በዝግ ቤት ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚሠራ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ አስም ያለበትም ይህን ሥራ ለሌላው ይተው። ዝንብ እንዳይገባ በመስኮቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አድርግ። ፍሬ ሰጥቶ የጨረሰውን ጭድ አትጣለው፤ ከፍግ ጋር ተብላልቶ ለጎመኑ መደብ ማዳበሪያ ይሆናል። በሽሮ ሜዳ ያ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ዛሬ ፀሐይ የሚያገኘውን መደብ ያበላል።

ከሁሉ በላይ ግን ብቻህን ካልሆንህ፣ ከሰው ጋር ከሆንህ፣ ሒሳባችሁን ከጭዱ በፊት አጽዱ። ማን ምን አዋጣ፣ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል፣ ሲጎድል ለማን ይነገራል የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጎመን ሲበደል በዝግታ ይጠወልጋል፤ ይቅርታም ያደርጋል። እንጉዳይ ግን የተደበቀውን ጉድለት በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ በሁሉ ፊት ያወጣዋል። ስለዚህ ዘሩን ከመግዛትህ በፊት ቴርሞሜትር፣ ደብተርና እርሳስ ግዛ፤ እርሳሱንም እሳት ለምታነደው ሴት ስጣት።